የእድሩ መዝገብና የሟቹ ሱፍ

ፎቶ መርማሪ ያደረገኝ አዞ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ክረምት፣ አቃቂ ወንዝ ዳር አፉን ከፍቶ የተጋደመ አዞ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያይ ጀመር። ጥጃ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ ያለም አልጠፋም። የኔ ጥርጣሬ ከሳይንስ የመነጨ አልነበረም፤ ወንዙን ስለማውቀው ነው። ያ ውኃ ስንት ዘመን የቆዳ ማልፊያ ዝቃጭ ሲጠጣ እንደኖረ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ የገባ አዞ በማግስቱ ቀበቶ ሆኖ እንደሚወጣም ያውቃል።

ችግሩ፣ በሰፈራችን «አይመስለኝም» ማለት ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ በነጻ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረድኩ። ሌላው ሰው ብጉሩን ለማጥፋትና ወገቡን ለማቅጠን የሚጠቀምበትን ነገር እኔ በግልባጩ ልሠራበት ተነሣሁ፤ የተሸፈነውን ለመግለጥ። ፎቶውን አጎላሁት፣ ጨለማውን አበራሁት፣ ቀለሙን ገለበጥኩት። የሣሩ ጥላ ወደ ወንዙ ሲወድቅ የአዞው ጥላ ወደ ሜዳው ይወድቃል። አቃቂ በዚያ ቀን ሁለት ፀሐይ ካልወጣላት በቀር አዞው ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነው። ይህንኑ በጋዜጣ ዓምዴ ላይ ጻፍኩ። ስለ ነጻነት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሰው ልጅ ከንቱነት የጻፍኩትን አንድም ጎረቤት አላነበበውም። የአዞውን ግን ቆርጠው ግሮሰሪ ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

ከዚያ ወዲህ በሬ ፎቶ ይዞ በሚመጣ ሰው ይንኳኳል። የአማቻቸውን ዲግሪ ያመጡ እናት ነበሩ። ዲግሪው እውነተኛ ነው ስላቸው እንደዚያ ቀን አዝነው አላየኋቸውም። በዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ፎቶ የሚያምነው የሚፈልገውን እስከነገረው ድረስ መሆኑን ነው። የማይፈልገውን ሲነግረው «ፎቶሾፕ ነው» ይላል። ድሮ «ውሸት ነው» ብለን ቢያንስ ዓይን ዓይኑን እናየው ነበር። አሁን ኮምፒውተሩን ከሰስን፤ እሱ ደግሞ አይከራከርም።

አምና ጥቅምት ላይ የእድራችን ሊቀመንበር መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡ። የፋብሪካ አስተዳደር ጡረተኛ ናቸው። በማኅተምና በሱፍ ልብስ የሚያምኑትን ያህል በምን እንደሚያምኑ አላውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት መዝገቡ ሲታደስ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ እንዲኖረው፣ በገጹ አናት ላይ የባልና ሚስት ፎቶ እንዲለጠፍ፣ አባወራውም ሱፍ ለብሶ ክራቫት እንዲያስር ያዘዙ እሳቸው ናቸው። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። አባል ሲሞት ያ ፎቶ ጎልቶ ድንኳን በር ላይ ይቆማል። «በሹራብ ሆኖ የሚቀበለኝ ሟች አልፈልግም» ብለው በስብሰባ ተናግረዋል። እኔ እልህ ይዞኝ በሹራብ ተነሣሁ። በገጼ ላይ እስከ ዛሬ በቀይ እስክሪብቶ «ያልተሟላ» የሚል ቃል አለ።

«አንተ የአዞው ሰውዬ» አሉኝ፣ መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ እየፈቱ። «ይህን ገጽ መርምርልኝ። ነው ወይም አይደለም በለኝ። ሐተታ አልፈልግም፤ ሐተታህን በጋዜጣ እናየዋለን።»

«ያነቡታል እንዴ ጋሼ?»

«አነበዋለሁ መቼ አልኩ? እናየዋለን ነው ያልኩት።»

ገጹ የአንድ ጎረቤታችን ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ የነበሩና ካረፉ ወር ያልሞላቸው ሰው። ፎቶው ላይ ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ ከጎናቸው ነጠላ ያጣፉ ሴት ተቀምጠዋል። ሴትዮዋን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ኪዮስክ አላቸው። ጠያቂ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት እሳቸው ጋ እያስቀመጠ ይገባል። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። እትዬና ሟቹ በአንዲት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ዕድሜ የሚያህል ጊዜ አብረው ኖረዋል። ቄስም ሆነ ሹም ፊት ግን ቀርበው አያውቁም፤ ነገ ነገ ሲሉ ቀን አለቀባቸው።

አሁን ወረዳው ለእትዬ፣ ሚስት መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከእድር ካላመጣሽ ቤቱን ታስረክቢያለሽ ብሏቸዋል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ደግሞ ከኮዬ ፈጬ ድረስ እየተመላለሰ፣ ሴትየዋ ተከራይ ነበረች እንጂ ሚስት አልነበረችም ይላል። ፎቶውን ሲያሳዩት ያው የተለመደውን መለሰ። ወንድሙ ከሞተ በኋላ ከመታወቂያው ላይ ተወስዶ የተሠራ ፎቶሾፕ ነው፤ አሠርታ ለጥፋዋለች።

«ማኅተሙስ?» አልኳቸው ሊቀመንበሩን። «ፎቶው ላይ ግማሽ ማኅተም ቢያርፍበት ኖሮ ማን ይከራከር ነበር?»

«የሰው ፊት ላይ ማኅተም አልመታም» አሉ። «ሥጋ ነው እንዴ?»

የሚስት ስም በሚለው መስመር ላይም እንደ ብዙዎቹ ገጾች ምንም አልተጻፈበትም። ፎቶ ካለ ስም ምን ያደርጋል ባይ ናቸው።

መዝገቡን ወደ ኮፒ ቤት ወስጄ ያንን ገጽ በስካነር አስነሣሁና ፕሮግራሙን ከፈትኩ። አሁን ሳስበው የማፍርበት ደስታ ነበር የተሰማኝ። አዞው ላይ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ነገር እዚህ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተገኘ። እትዬ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከቀኝ ነው፣ ሟቹ ላይ ከግራ። የነጠላቸው ጠርዝ ከሟቹ ትከሻ ጋር በሚገናኝበት በኩል በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሏል። የሟቹ አንገት ደግሞ ከሸሚዙ ኮሌታ ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም፤ ጭንቅላታቸው ሰው ቤት እንደሄደ እንግዳ ሱፉ ላይ በጥንቃቄ ተቀምጧል።

ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። «የተሠራ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው አልተነሡም።»

«እንግዲያው ወንድምየው እውነቱን ነው።»

«እሱን አላልኩም።»

«የተሠራ ነው ወይስ አይደለም ነበር ያልኩህ።»

«ነው» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና እራቴን በደንብ በላሁ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። አንድ ትልቅ ከረጢት በትከሻቸው አንግተዋል፤ ከረጢቱ ውስጥ አንድ ስልክ ያለማቋረጥ ይጮኻል። የጠያቂ ስልኮች ናቸው። የኪዮስኩን ቁልፍ ስለማያምኑት ሲወጡ ተሸክመዋቸው ይዞራሉ። ተቀመጡ አልኳቸው፣ አልተቀመጡም።

«አንተ ነህ ያላገባሁ ያደረግከኝ?»

«እትዬ፣ እኔ ስለ ፎቶው ብቻ ነው…»

«ፎቶውማ የተሠራ ነው። እኔ ራሴ ነኝ ያሠራሁት።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«እሁድ እሁድ ነው ፎቶ ቤት ሂዱ ያላችሁን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ጠያቂ የሚመጣው መቼ ነው? እሁድ አይደለም? ፎቶ ለመነሣት ኪዮስክ ልዝጋ? እሱ በሥራ ቀን ብቻውን ሄደ። እኔ በሌላ ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ልጅ አንድ ላይ ገጠመን። በቃ። አልጋችንም እንደዚሁ ነበር፤ እኔ ስነሣ እሱ ይተኛል፣ የማታ ፈረቃ የለመደ ሰው አይለቀውም። እንግዲህ አልጋውንም መርምረው።»

«ታዲያ ይህን ለእድሩ ለምን አልነገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? የጠየቁት አንተን።»

ከረጢቱ ውስጥ ሁለተኛ ስልክ መጮኽ ጀመረ። እትዬ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

«እሁድ ስብሰባ አለ። እዚያ ደብዳቤ ካልተጻፈልኝ ዕቃዬን ይዤ እወጣለሁ። እንዳፈረስከኝ ጠግነኝ፣ አንተ ጋዜጠኛ» ብለው ሄዱ።

ስህተቴን ለማየት ከዚህ በላይ ትምህርት አላስፈለገኝም። ፎቶው ተሠርቷል ወይ ለሚለው ጥያቄ በትክክል መልሻለሁ። ጥያቄው ግን እሱ አልነበረም። ጥያቄው መቼ ተሠራ የሚለው ነበር፤ ሰውየው በሕይወት ሳሉ ወይስ ከሞቱ በኋላ። ይህን ለመለየት የሟቹን ፊት ትቼ ፎቶ ቤቱ ጋ መሄድ ነበረብኝ።

ፎቶ ቤቱ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ለመታወቂያ የሚነሡበት፣ ከአንድ ሰው በላይ ሲገባ አንዱ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል። ፎቶ አንሺው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሲያወራ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ የማይነቅል ሰው ነው። ሹራቤን በአንድ ጨረፍታ አየና፣

«ጋሼ፣ ሱፍ ላልብስህ?» አለኝ።

«ምን?»

«ሱፍ። ለፓስፖርት ከሆነ ክራቫቱን አጠብቀዋለሁ።»

እዚያ ቆሜ ነው የሰፈሬን ምስጢር የተማርኩት። ይህ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ባዶ ሱፍ አለው፤ አንገት የሌለው፣ ሰው የሌለው፣ ክራቫቱ የታሰረ። የደንበኛውን ጭንቅላት ያነሣና እዚያ ላይ ይተክለዋል። ሱፍ ማልበስ ይሉታል። ሊቀመንበሩ ሱፍ የለበሰ አባወራ ብቻ ብለው ያዘዙ ጊዜ፣ ሱፍ የሌለው አባል ሁሉ ተሰልፎ ወደዚህ መጥቶ ለብሷል። እኔ በሹራቤ ስኮራ የቀረሁት፣ ጎረቤቶቼ አለፍ ብለው መፍትሔውን ሲያገኙ ነው።

«የመካኒኩን ታስታውሳለህ?»

«እንዴ፣ ጋሼ፣ የማይረሳ ሰው። ሱፉን ካለበስኩት በኋላ እየደጋገመ ሲያየው ቆየና፣ ይኼ ሰውዬ ገንዘብ ቢያበድረኝ ደስ ይለኛል አለኝ።»

«ዋናው ፋይል አለህ?»

«የለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ያ ኮምፒውተር ተቃጠለ። ሁሉም አብሮ ሄደ፣ ሱፉም ጭምር። ግራጫ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን ያለኝ ይኼ ሰማያዊ ነው።»

«ግራጫውን ከየት ነበር ያገኘኸው?»

«ከአንድ ሙሽራ ፎቶ ላይ ቆርጬ። ኮሌታው ላይ አበባ ነበረ፣ አጠፋሁት። ያኔ ጀማሪ ነበርኩ፤ አበባው የነበረበት ቦታ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። ካላጎሉት አይታይም።»

«ሊቀመንበሩንስ አልብሰሃል?»

ፎቶ አንሺው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አነሣ። «ጋሼ፣ የደንበኛ ምስጢር እጠብቃለሁ።»

እሁድ መጥቶ እንዲመሰክር ለመንኩት። የምርቃት ፎቶ ላነሣ ተቀጥሬያለሁ አለ። ደግሞስ እኔ ብናገር ወንድምየው ከሴትየዋ ጋር ተማክሯል አይልም ወይ? አለኝ። ይላል። በሰፈራችን የሰማ ምስክር አይጠፋም፣ የታመነ ምስክር ግን አላጋጠመኝም።

መዝገቡ ገና እኔ ጋ ነበር። ወደ ኮፒ ቤቱ ተመልሼ በግራጫ ሱፍ የተነሡትን አባወራዎች ሁሉ አስነሣሁ፤ ሊቀመንበሩንም ጨምሮ። ከዚያ እቤቴ ተቀምጬ የሟቹን ፎቶና የሊቀመንበሩን ፎቶ አንዱን ካንዱ ላይ አነባበርኩ። ፕሮግራሙ ሁለት ፎቶዎችን አነባብሮ ልዩነታቸውን ብቻ ማሳየት ይችላል። የሚለያየው ቦታ ያበራል፣ አንድ የሆነው ቦታ ይጠቁራል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር አበራ፤ አንደኛው ፎቶ ትንሽ ዘመም ብሎ ተለጥፎ ነበር። አንዱን አዞርኩት፣ የፀጉር ያህል አሳነስኩት፣ ወደ ግራ ገፋ አደረግኩት።

ሱፉ ጠፋ። ከአገጭ በታች ትከሻው፣ ክራቫቱ፣ የክራቫቱ እጥፋት ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ጠቆረ። ከጉድጓዱ በላይ የሁለት ሽማግሎች ፊት እርስ በርስ ተደራርቦ እንደ መንፈስ ያበራ ነበር፤ አራት ጆሮ፣ አንድ ተኩል መነጽር። ፎቶዎቹን ለየኋቸውና ኮሌታውን አጎላሁ። ሟቹ ደረት ላይ ትንሽ የደበዘዘ ጠባሳ አለ። ሊቀመንበሩ ደረት ላይ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያው ጠባሳ። ሌሎቹንም ተራ በተራ ከሟቹ ጋር አነባበርኳቸው፣ ሁሉም ጠቆሩ። አስራ አንድ የተከበሩ የአቃቂ አባወራዎች በደረታቸው የማያውቁትን ሙሽራ አበባ ጠባሳ ይዘው በአንድ ኮት ውስጥ ተቀምጠዋል።

ማስረጃው ይኸው ነው። ግራጫው ሱፍ ከተቃጠለ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሟቹ ያረፉት በቀደም ነው። ከሞታቸው በኋላ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ሰማያዊ ይለብሱ ነበር። ከፎቶው ውስጥ ሐሰት የሆነው ክፍል ነው እውነቱን የሚመሰክረው።

አንድ እክል ብቻ ነበር። ሊቀመንበሩ ያንን ግራጫ ሱፍ በየሠርጉና በየተስካሩ ሲተርኩት ስንት ዓመታችን። መቼም ለብሰውት ያየ የለም፤ «ለክብር ነው ያስቀመጥኩት» ይላሉ። ጨርቁ ከጣልያን የመጣ፣ ፒያሳ የተሰፋ፣ ለልጃቸው ሠርግ። መዝገቡን ከፍተው ፎቶውን እያሳዩ ነው የሚተርኩት። እኔ እውነቱን ከተናገርኩ የእትዬ ቤት ይተርፋል፣ የጣልያኑ ጨርቅ ግን ይቀደዳል። ቀደም ብዬ በጆሯቸው ሹክ ልላቸው እችል ነበር። አላልኳቸውም። በገጼ ላይ ያለው «ያልተሟላ» ትዝ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እሁድ ስብሰባ የሄድኩት ለእትዬ ብቻ አልነበረም።

የእድሩ አዳራሽ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ግማሹን ድስት፣ ወንበርና የድንኳን ምሰሶ ይዞታል። ወንድምየው ከፊት ተቀምጧል፤ የራሱ የሆነ፣ ጉልበቱ ላይ ያብረቀረቀ ጥቁር ሱፍ ለብሷል። እትዬ በር አጠገብ ናቸው፣ ከረጢቱ እግራቸው ሥር። ገና ጸሎቱ ሳያልቅ አንድ ስልክ ከውስጡ ዘፈነ።

ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ካስረዱ በኋላ ወንድምየው ተነሣ።

«እኔ ከማንም ጠብ የለኝም» አለ። «ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ሱፍ ለብሶ አያውቅም። በሠርጌ ቀን እንኳ በካኪ ነው የመጣው፣ ሚዜ አድርጌው። መርማሪያችሁም ፎቶው የተሠራ ነው ብሏል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሌላ ምን ቀረ?»

ካኪውን ሲናገር ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። ሰውየው ውሸታም አልነበረም። ወንድሙ ሱፍ ለብሶ እንደማያውቅ በአዳራሹ ውስጥ በእርግጠኝነት የተናገረ እሱ ብቻ ነው፣ ልክም ነበር።

ተነሥቼ ላፕቶፔን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። ሰው ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋ። ፎቶው የተገጠመ መሆኑን፣ ሁለቱ በተለያየ ቀን እንደተነሡ ተናገርኩ። ጉርምርምታ ተነሣ። የሚያጠያይቀው ፎቶው መቼ ተሠራ የሚለው ነው፣ ይህንንም ሱፉ ይነግረናል አልኩና የሟቹን ገጽ ከፈትኩ። ከዚያ አጠገቡ የሊቀመንበሩን ከፈትኩ። ከዚያ አነባበርኳቸው።

ጥቁሩ ጉድጓድ ሲወጣ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ይኼ ምንድነው?» አለ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር፤ በየስብሰባው የሚቀልድ፣ የራሱ ፎቶም ከአስራ አንዱ አንዱ ነው።

«ሁለቱ ሱፎች አንድ መሆናቸውን ነው የሚያሳየው። አንድ ዓይነት ማለቴ አይደለም። አንድ።»

«እንዴ፣ ጋሼ ሊቀመንበር» አለ ሾፌሩ፣ በጣም ረጋ ብሎ። «ይኼ የጣልያኑ ሱፍዎ አይደለም እንዴ?»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። በመሐረብ ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። እኔ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ፎቶ ቤት፣ ኮምፒውተር፣ ሙሽራ፣ አበባ። ስንት ቀን እንደ ከረሜላ ሳገላብጠው የከረምኩት ዓረፍተ ነገር።

«የኔ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ታዲያ ሟቹ እንዴት አድርገው ለበሱት?» አለ ሾፌሩ።

«አውሼው ነው።»

ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ቦታ አጣ።

«መቼ ነው ያዋሱት?» አለ ወንድምየው።

«መዝገቡ ሲታደስ። ከሦስት ዓመት በፊት።» ሊቀመንበሩ አንዴ ከጀመሩ በኋላ ድምፃቸው እየጠነከረ መጣ፤ የእድር መሪነት ማለት ይኼ ነው። «ቤቴ መጣ። ጋሼ፣ ከባለቤቴ ጋር ፎቶ ልነሣ ነው፣ ሱፍ የለኝም አለኝ። ባለቤቴ ነው ያለው። ከቁም ሳጥን አውጥቼ ሰጠሁት።»

«እኔም ለብሼዋለሁ መሰለኝ» አለ ሾፌሩ። «ገጼን ገልጠህ አሳያቸው እስቲ።»

«አንተንም አውሼሃለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ሳያዩት።

«እኔንም?» አለ ከኋላ አንድ ሌላ ድምፅ።

«አንተንም። ሁላችሁንም አውሻለሁ። ምን ይደረግ፣ ሱፍ የሌለው እድር ነው የምመራው።»

ሴቶቹ በኩል ሳቁ ፈነዳ። ወንዶቹ ግን፣ በተለይ አስራ አንዱ፣ በከባድ ምስጋና ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሊቀመንበሩ ሳቁን በእጃቸው አስቆሙና፣ የውሸት ቤቱ ያላለቀለት ሰው እንደሚያደርገው፣ ጣሪያውን ለማልበስ ወደ በሩ ዞሩ።

«በማግስቱ አጣጥፋ የመለሰችልኝም እሷ ናት።»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ በመጀመሪያ ሊቀመንበሩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ረጅም ጊዜ።

«በካውያ ተኩሼ ነው የመለስኩት» አሉ። «ኮሌታው ላይ ትንሽ ነገር ነበረበት፣ ያ አልለቀቀልኝም።»

ጠባሳውን ፎቶው ላይ ያዩት መቼ እንደሆነ አልገባኝም። ምናልባት እኔ በኮምፒውተር ያጎላሁትን እሳቸው ሦስት ዓመት ሙሉ በዓይናቸው ሲያዩት ኖረዋል።

ወንድምየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዲህ ነው?» አለኝ።

የማውቀውን ብናገር የደብዳቤው ነገር አይለወጥም ነበር፤ እውነቱም ውሸቱም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚያደርሱት። ለዓመታት አመቺ ውሸትን ስሳደብ ኖሬ፣ አንድ ቀን ከነማስረጃዬ ፊት ለፊት አገኘሁት። ወንድምየው ደግሞ እውነቱ ይገባዋል፤ ወንድሙ በእርግጥ ሱፍ አልለበሰም። ግን ሊቀመንበሩን አየሁ፤ መሐረባቸው እጃቸው ውስጥ ተጨማድዷል።

«ፎቶው የተሠራው ወንድምህ በሕይወት ሳለ ነው» አልኩት። «ይህን በእርግጠኝነት እነግርሃለሁ።»

ይህ እውነት ነበር። የቀረውን ዋጥኩትና ላፕቶፑን ዘጋሁት። ፍርሃት ይሁን ደግነት እስካሁን አልለየሁትም። ስለዚሁ ነገር ሁለት ጽሑፍ ጀምሬ አንዱም ለጋዜጣው አልሄደም።

ወንድምየው ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እሱ ካዋሱት ይለብስ ነበር፣ ይሉኝታ አለበት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ደብዳቤው እዚያው ተጻፈ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት፣ አንዱ ፈዞባቸው። እትዬ ደብዳቤውን ተቀብለው ፊደል በፊደል አነበቡትና አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«እንግዲህ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ክብራቸው በቦታው መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ አባል ነሽ። አባል ግዴታ አለበት። የዕቃ አጠባ ቡድን ውስጥ ትገቢያለሽ።»

«አልገባም።»

«ምን ማለት ነው አልገባም?»

«እሱ የነበረው ድንኳን ተካዮች ውስጥ ነው። በእሱ እግር ተተክተሻል ካላችሁኝ ቦታውን ስጡኝ። ድስትማ እቤቴም አለልኝ።»

«ሴት ድንኳን አትተክልም።»

«ደንቡ ላይ አሳዩኝ።»

ሊቀመንበሩ ደንቡን አስወጡ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጡት። ሾፌሩም በትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ አብሮ ፈለገ። ያረፈደ አባል እንዴት እንደሚቀጣ፣ የተሰበረ ወንበር ማን እንደሚያስጠግን፣ ቀብር ላይ ስልክ ያነሣ ሰው ምን እንደሚደረግ ተጽፏል። ድንኳኑን ማን እንደሚተክል ግን ማንም ሊጽፈው አላሰበም።

«ወገብሽ ቢቀጭ እኛ የለንበትም» አሉ ሊቀመንበሩ በመጨረሻ፣ ብዕራቸውን እየፈለጉ።

«ገመድ ነው የምይዘው። ምሰሶውን እሱም አይሸከም ነበር፤ እናንተ ናችሁ ይሸከማል የምትሉት።»

ስማቸው በድንኳን ተካዮች ዝርዝር ላይ፣ ከሾፌሩ በታች ተጻፈ። ሾፌሩ ሰኞ ጠዋት አዲሶቹን ካስማዎች ለመቁጠር እንደሚገናኙ ነገራቸው። እትዬ ከስምንት ሰዓት በፊት አልችልም አሉት። ሾፌሩ ስምንት ሰዓት ፀሐይ ነው አለ። እትዬ እንግዲያው ጥላ ይዘህ ና አሉት፤ ከረጢታቸውን አንሥተው፣ ገና እየተከራከሩት፣ አብረው ወጡ።